ሦስተኛው ረድፍ፣ ሰባተኛው ምስማር

መስከረም 20

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣ ባሕር ተሻግረሽ ላለሽው፤ ከአጎትሽ።

እንደምን ከርመሻል? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ባየ ቁጥር ያኮርፋል። ይህን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳትጨነቂ። እኔው ነኝ። በዚህ ከተማ እኔ ያላነበብኩት ጽሑፍ የለም። እሺ፣ ከተማ ስል ከቤቴ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ያለውን ነው፤ የዳቦ ቤቱንም ሰሌዳ ግማሹን ዛፍ ጋርዶታል። የታየውን ግን አልማርኩትም። የማታ ትምህርት ከገባሁ ገና አምስት ወሬ ነው፤ ከሃያ ሦስት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። አስተማሪዋ አንደኛ የሚለውን ቃል አልተጠቀመችም፤ «እርስዎማ ለብቻዎ ነዎት» ነው ያለችኝ፤ ያው ነው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይ ይሆናል። በስልክ የተባለ ነገር ጆሮ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ደግሞስ ይህን ሁሉ ተምሬ ለማን ልጻፍ?

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። አባትሽ ሚያዝያ ላይ ካረፈ ወዲህ ውሃ መሥሪያ ቤቱ ሌላ ቴክኒሻን አልቀጠረም። ምድር ቤት ያለችው ክፍሉ እንደነበረች ናት። ቁልፍ ያዡ እኔ ስለሆንኩ እየከፈትኩ አቧራዋን እጠርጋለሁ። ኮምፒውተሩ ጠረጴዛው ላይ ነው። አሁን የንብረት ክፍሏ ኃላፊ፣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ ጥር 15 ቀን ተጭኖ ይሄዳል፣ በውስጡ ያለውም ይደመሰሳል ብላ ማስታወቂያ ለጥፋለች። ራሴ አነበብኩት፤ ሁለቴ።

ይህን ያነሳሁት ወዲህ ነው። አባትሽ ሊያርፍ ሦስት ቀን ሲቀረው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። «ለልጅቷ የሚሆን ነገር ማሽኑ ውስጥ አስቀምጫለሁ» አለኝ።

«የት ጋ?»

«ትፈልገዋለች። መፈለግ ሥራዋ አይደል» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ለቀብሩ ስትመጪ ልነግርሽ አስቤ ነበር። መቼም መንገዱ ሩቅ ነው።

ከቻልሽ መነጽር ላኪልኝ። ፊደሎቹ አውቀውኛል፣ እኔ ግን ከሩቅ እየለየኋቸው አይደለም።

አጎትሽ

——

ጥቅምት 9

ለአጎቴ፤ ጤናዎ እንደ እጅ ጽሑፍዎ የበረታ ይሁንልኝ።

ጋሼ፣ ደብዳቤዎን አውቶቡስ ውስጥ ከፍቼ መውረጃዬን ሁለት ፌርማታ አለፍኩት። መነጽሩ ከዚህ ጋር አለ።

አባዬ ያንን ኮምፒውተር ያስኬደው የነበረው ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት ነው። እኔም እዚህ የምተዳደረው በእሱው ነው። በሊኑክስ ላይ ፕሮግራሞች የሚቀመጡት በጥቅል በጥቅል ሆነው ነው፤ ጥቅሎቹን የሚያወጣና የሚያስገባ አንድ አስተዳዳሪ አለ። እንደ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይቁጠሩት። አባዬ አስቀምጫለሁ ያለው ነገር ከእነዚህ ጥቅሎች አንዱ ይመስለኛል።

ችግሩ ይህ ሠራተኛ ሲፈልግ ሰነፍ ነው። የሚያየው የጥቅሉን ስምና ከስሙ ጎን ያለችውን አጭር መግለጫ ብቻ ነው። የፈለጉት ነገር ምን እንደሚሠራ ነግረውት አይገባውም። አንድ ፊደል ቢስቱ «የለም» ይልና ዝም ይላል፤ «ይህን ማለትዎ ነው?» አይልም። ያገኘውን ደግሞ በፊደል ተራ ይደረድረዋል እንጂ የሚጠቅመውን አያስቀድምም። ማሽኑ ከውጭ መረብ ጋር ስላልተገናኘ ዝርዝሩ አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ ያደሰው ነው። ያልታደሰ ዝርዝር የሄደውን አለ ይላል፣ የመጣውን የለም ይላል።

አራት ካርድ ልኬያለሁ። በእያንዳንዱ ላይ የፍለጋውን ትእዛዝና አንድ ቃል በፈረንጅ ፊደል በትልልቁ ጽፌያለሁ፦ ደብዳቤ፣ ድምፅ፣ ልጅ፤ በአራተኛው ላይ ደግሞ የእኔን ስም። ቅርጹን እያዩ ከገበታው ላይ ፊደሉን ይጫኑ።

ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት ሌላ የተናገረው ነገር ካለ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

——

ጥቅምት 30

ለወንድሜ ልጅ፤ ያላየሁትን ላሳየሽኝ፣ ዐይንሽ አይድከም።

መነጽሩ ደረሰ። ዓለም እንዲህ አቧራማ መሆኗን አላውቅም ነበር። ስንት ዓመት ጠረግሁ ስል የኖርኩት ለካ እያዳረስኩ ነው።

የፈረንጁን ፊደል እፈራ ነበር፤ ሃያ ስድስት ብቻ መሆኑን ስሰማ ሳቅሁ። የእኛን የፊደል ሠራዊት ያሸነፈ ሰው በሃያ ስድስት አይደነግጥም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወረድኩ፤ ገመዱን ግድግዳው ላይ ሰካሁ፤ ማብሪያውን በአውራ ጣቴ ተጫንኩ፤ ማሽኑ እንደ ድመት እያንኮራፋ ነቃ። ይኸው በገዛ እጄ።

ስምሽን ጻፍኩ፤ የለም። ልጅ ብዬ ጻፍኩ፤ ሁለት መስመር ሰጠኝ፣ ሁለቱም ስለ ልጆች ይመስላሉ፤ ሥዕል አላቸው ብዬ ሳይሆን ቃሉን ከካርድሽ ጋር አስተያይቼ ነው። ድምፅ ስለው ቧንቧ እንደፈነዳ ተለቀቀ፤ ሦስት መቶ ምናምን። ደብዳቤ የሚለውን በክብሪት እንጨት ቆጠርኩት፦ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ይህ ሠራተኛሽ ሰነፍ ብቻ አይደለም። የእኛዋ የንብረት ክፍል ኃላፊ ናት በይኛ! አንድ ጥፍር የምታህል ብሎን ጠይቂያት፤ ወይ የለም ትላለች፣ ወይ መጋዘኑን ሙሉ ጀርባሽ ላይ ትዘረግፋለች።

እሷም ከደረጃው አናት ሆና «ጋሽ ቁልፉ፣ ከዚያ ሣጥን ጋር ምን ያወራሉ?» ትለኛለች።

«ምርምር ላይ ነኝ» አልኳት።

«የምን ምርምር?»

«የጥቅል።»

«ጎመን እኮ ፎቅ ላይም ይገኛል።»

ሳቋ እስከ ምድር ቤት ወረደ። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ እሳት ግን ትፈራለች። አሥራ አንድ ተኩል ስንወጣ የኤሌክትሪክ ገመድ ሁሉ ከግድግዳም ከማሽንም ተነቅሎ ይሰቀል ብላለች። የዚህን ማሽን ገመድ እኔ ነቅዬ፣ ጠቅልዬ፣ ቁልፍ መስቀያዬ ላይ ያለ ባዶ ምስማር ላይ እሰቅለዋለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። በማግስቱ ያንኑ ካርድ ደግሜ ጻፍኩ። ክብሪቶቹን ቆጠርኩ። ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።

አጎትሽ

——

ኅዳር 14

ለአጎቴ፤ በመልካም ያግኝዎ።

ጋሼ፣ አይቀየሙኝና ክብሪት አሳስተዋል። ከውጭ ያልተገናኘ ማሽን ላይ ዝርዝር በራሱ አይጨምርም። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ጥቅል ካላስገባ በቀር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ነው።

ሌላ ያሰብኩት አለ። አባዬ ስም መለጠፍ እንደማይወድ ያስታውሳሉ? የስኳሩም የምስማሩም ቆርቆሮ አንድ ዓይነት ነበር። እማዬ ስትቆጣ «ወረቀት የሚለጠፈው ባለቤቱ ለረሳው ዕቃ ነው» ይላት ነበር። ጥቅሉንም እንደዚያው መግለጫ ሳይጽፍበት ትቶት ከሆነ በየትኛውም ቃል አይገኝም። ስሙን የማያውቅ ሰው ዓመት ሙሉ ቢፈልግ ደጃፉ ላይ እየተመላለሰ ያልፈዋል። ስንት ጊዜ በሥራዬ እንዲህ ሆኗል፤ ነገሩ አጠገቤ ተቀምጦ ሌላ እጽፍ ነበር።

ደግሞ ያልገባኝ፦ ማሽኑ ሲከፈት የአባዬን የይለፍ ቃል መጠየቅ አለበት። እኔ አላውቀውም። እርስዎ እንዴት ገቡ?

ለማንኛውም ተጨመረ ያሉት መስመር የትኛው ነው? እንዳለ ይገልብጡልኝ።

ስለ መጨረሻዎቹ ቀናት አሁንም አልጻፉልኝም።

የወንድምዎ ልጅ

——

ኅዳር 29

ለወንድሜ ልጅ፤ ክብሪት መቁጠር አይችልም ላልሽኝ፤ ይቅር ብያለሁ።

አራት ቀን ቆጠርኩ። በክብሪት፣ በጠጠር፣ በጣት፣ በመጨረሻም የንብረት ክፍሏን ሴትዮ ጠርቼ አስቆጠርኳት። እሷ የሌላት ዕቃ እንኳ ሲቆጠር አትሳሳትም። «ሁለት መቶ አሥራ ሦስት» አለች፣ ከዚያ እጇን ሹራቧ ውስጥ ከታ «ጋሽ ቁልፉ፣ ይቺ ክፍል ሁሌም እንዲህ ትቀዘቅዛለች?» ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ስለ ጎመን አላነሳችም።

ተጨማሪው መስመር ከሁሉ በላይ ነው ያለው። ፊደል የለውም። ቁጥር ነው፦ 3-7። ከጎኑ ያለው የመግለጫ ቦታ ባዶ ነው።

አሁን ተቀመጪ። ሌሎቹን ካርዶች ደገምኩ። ድምፅ ስል ከላይ 3-7። ልጅ ስል ከላይ 3-7። ስምሽን ስል፣ ያኔ የለም ያለኝ፣ አሁን አንድ መስመር፦ 3-7። ልፈትነው ብዬ ትእዛዙን ከጻፍኩ በኋላ ዐይኔን ጨፍኜ እንደ ዶሮ ገበታውን ለቀምኩት፤ በየትም አገር ቃል ሊሆን የማይችል ነገር። አንድ አገኘሁ አለኝ። 3-7።

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ፊደል ሳልቆጥር በፊት ይህን ሁሉ ቁልፍ እንዴት ይዤ ኖርኩ? አባትሽ ነው መስቀያውን የሠራልኝ። አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ዘጠኝ ምስማር፣ አንድም ጽሑፍ የለበትም። «ስም አያስፈልግህም፣ ቦታውን እወቅ» አለኝ። ሁለተኛው ረድፍ አራተኛው የፓምፕ ክፍል ነው፤ አንደኛው ረድፍ አንደኛው የአለቃው። ሦስተኛው ረድፍ ሰባተኛው ምስማር የመሥሪያ ቤቱ አልነበረም። የቤታችሁ ቁልፍ ነበር። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ ጠዋት ሲገባ ይሰቅለዋል፣ ሲወጣ ይወስደዋል። «እኔ ፓምፕ ስር እያለሁ ድንገት ብትመጣስ? አንተ አንስተህ ትሰጣታለህ» ይለኝ ነበር። ካረፈ በኋላ ቁልፉን ቤቴ ወሰድኩት። የማሽኑን ገመድ የምሰቅለው አሁን እዚያ ነው።

ለይለፍ ቃሉ፣ አጎትሽን ምን የሚዘጋው በር አለ? ሠላሳ ዓመት ቁልፍ ይዣለሁ።

ወረቀትና ብዕር አልጠይቅሽም። ምንም አልጠይቅሽም።

አጎትሽ

——

ታኅሣሥ 10

ጋሼ፣

ሰላምታዬ አጭር ቢሆን አይፍረዱብኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞርኩ።

መግለጫ የሌለው ነገር ለሁሉም ቃል አይመጣም። እንዲህ ዓይነት ፍለጋ የለም። የምናማርረው ተፈልጎ አለመገኘቱን ነው፤ ሳይጠሩት የሚመጣ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ለሥራ ባልደረባዬ ነገርኩት፤ «አጎትሽ ቀልደኛ ነው» አለኝ። ነዎት። ግን የቁልፉን ነገር ከእርስዎና ከአባዬ በቀር ማን ያውቃል?

አንድ ያልነገርኩዎትን ልንገርዎ። መጋቢት ላይ አባዬ ደወለልኝ። «መቼ ነው የምትመጪው?» አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ የጠየቀኝ ይህን ብቻ ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። «አባዬ፣ አንድ ሌላ ጥያቄ የለህም?» ብዬ ዘጋሁበት። ከዚያ በኋላ አልተደዋወልንም። ቀብሩም መንገዱ ርቆብኝ አይደለም የቀረሁት። እንዴት ብዬ ፊቱን አያለሁ ብዬ ነው።

ያስቀመጠልኝ ስድብም ከሆነ ይምጣ። ማሽኑ ሳይደመሰስ ማወቅ አለብኝ። አምስተኛው ካርድ ጥቅሉን ይጭነዋል፣ ስድስተኛው ይከፍተዋል። ያዩትን ሳይቀንሱ፣ እባክዎ ጋሼ ሳይጨምሩም፣ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

——

ታኅሣሥ 21

ለወንድሜ ልጅ፤ ልብሽን ያጽናልሽ።

ስድብ አይደለም። መጀመሪያ ይህን ልበልሽ።

አምስተኛውን ካርድ ጻፍኩ። ስድስተኛውን ጻፍኩ። የማሽኑ መስኮት ጠቆረ፤ ከዚያ ያ ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ በእኛ ፊደል አወራኝ። ወንድሜ ሊያርፍ ሲል ለማታ ትምህርት ያስመዘገበኝ ለምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሌላ ሰው እንዲያነበው አልፈለገም።

ቀን በቀን የተጻፈ ነው። በየሥራ ቀኑ አሥራ አንድ ተኩል ላይ ማሽኑ «መጣች?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱ ከሥሩ ይመልሳል። «አልመጣችም።» አራት ዓመት ሙሉ። አንዳንዴ ጨምሮበታል። «አልመጣችም። ዝናብ ነው።» «አልመጣችም። ሦስተኛው ፓምፕ ተበላሽቶ ዋልኩ።» መጋቢት ላይ፦ «አልመጣችም። ጥያቄ አብዝቼባት ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» ይህን ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት።

እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር። አትጨምር ብለሽኛል፣ አትቀንስም ብለሽኛል።

ወንድሜን የቀበርነው ሚያዝያ 19 ነው። የሚያዝያ 20 መስመር አለ። «አልመጣችም።» የ21ም አለ። ግንቦት አለ፣ ሰኔ አለ፣ ክረምቱ ሁሉ አለ። ዝናቡንም ጽፎታል። ጣቴን የማሽኑ መስተዋት ላይ እያስኬድኩ እስከ ትናንት ወረድኩ። ጥቅምት 28 ላይ እንዲህ ይላል፦ «አልመጣችም። ወንድሜ ማንበብ ችሏል፤ ክብሪት ግን ይወድቅበታል።»

ያን ዕለት አራት እንጨት ጠረጴዛው ስር ወድቆብኝ ነበር። ለማንም አልነገርኩም።

ከሁሉ ሥር የዛሬው ጥያቄ ብቻውን ነበር። «መጣች?» ከጎኑ ትንሿ ሰረዝ ትበራለች ትጠፋለች። መልስ አልጻፍኩም። ምን ብዬ እጽፋለሁ? ወንድሜን ዋሽቼው አላውቅም፤ ቀልጄበት እንጂ።

ነይ ልጄ። ከዚህ ሌላ ልመና የለኝም። ጥር 15 ይጭኑታል።

አጎትሽ

——

ጥር 2

ጋሼ፣

ጥር 13 ጠዋት እደርሳለሁ። ይህን በፈጣን መልእክት ልኬዋለሁ። ሴትዮዋን ለምነው እስከዚያ ያቆዩልኝ።

ሌሊቱን ሙሉ እንደ ባለሙያ ሳስብ ነበር። አባዬ፣ ሰው ባይመልስ ፕሮግራሙ ራሱ «አልመጣችም» ብሎ እንዲሞላ አድርጎት ይሆናል። ይህ ቀላል ነው። ዝናቡንና ክብሪቱን ግን ፕሮግራም ከየት ያውቃል? ሌላም አለ። ማሽን ካልበራ አይጽፍም። እርስዎ ማብራት የጀመሩት ደብዳቤዬ ከደረሰዎት በኋላ ነው። ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ማን ነበር የሚያበራው? የይለፍ ቃሉንስ ማን አስገባ? ጠይቄዎት ነበር፤ ቀልደው አለፉኝ።

ስደርስ ይነግሩኛል።

የወንድምዎ ልጅ

——

ጥር 12

ለወንድሜ ልጅ፤ ደጃችን ለደረሽው።

ይህን በፖስታ አልልከውም። ነገ ከደረጃው አናት ላይ እሰጥሻለሁ፤ እዚያው ቆመሽ አንብቢው፣ ከዚያ ትወርጃለሽ ወይም አትወርጂም። ባትወርጂ አልቀየምሽም።

ሴትዮዋን ለመንኳት። «ጋሽ ቁልፉ፣ ልጅቷ እስክታየው አልነካውም፤ እኔማ ብቻዬን ወርጄ ላስጭነውም አልደፍርም» አለችኝ። የቤታችሁን ቁልፍ ወደ ቦታው መልሼዋለሁ። ዛሬ አሥራ አንድ ተኩል ላይ «መጣች?» ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ ጻፍኩለት። በአንድ ጣት፣ በእኛ ፊደል የምጽፍበትን መንገድ ባላውቅም ቁልፎቹ ራሳቸው እሺ አሉኝ። «ነገ» አልኩት። ሰረዟ ብልጭ ድርግም ማለቷን አቆመች።

ባለፉት ደብዳቤዎቼ የጻፍኩልሽ እውነት ነው። ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ እውነት ነው። እንደ ዶሮ የለቀምኩት እውነት ነው። ክረምቱም፣ ክብሪቱም፣ በመጋቢት የጻፈልሽም እውነት ነው። ከራሴ የፈጠርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፈጠርኩትም ስላፈርኩ ነው። ሁለት መቶ መስመር አነበብኩ እያልኩ የምፎክር ሰው የማሽን ማብሪያ የት እንዳለ አላውቅም ማለት ከበደኝ።

ማሽኑን በአውራ ጣቴ አብርቼው አላውቅም። ገመዱንም አንድ ቀን ሰክቼው አላውቅም። አንድ ጊዜ ነቅዬ፣ ጠቅልዬ ሰቅዬዋለሁ፤ ማታ ማታ በሩን በቁልፌ ቆልፌ እሄዳለሁ። ጠዋት ስከፍተው በርቶ ይጠብቀኛል። የይለፍ ቃል ጠይቆኝ አያውቅም።

ሲበራም ገመዱ ሦስተኛው ረድፍ፣ ሰባተኛው ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው።

አጎትሽ